ለወንድሟ የምትወለደው ልጅና የእኔ ስም

ከሦስት ሳምንት በፊት ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሶ፣ የእናቴ ስልክ ጠራ። የአክስቴ ልጅ ናት ከአሜሪካ። ቅዳሜ ቅዳሜ ትደውላለች፣ እዛ ገና ማለዳ ነው፣ ልጇ ሳይነሳ ኩሽና ገብታ በቀስታ ነው የምታወራን። እናቴን እታለም ነው የምትላት። "እታለም ጸነስኩ፣ ሴት ናት አሉኝ" አለች። ቤቱ እልል አለ፣ ጎረቤታችን እሙሃይ ስኒያቸውን አስቀምጠው መሬት ሳሙ። እሷ ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና "ለወንድሟ ነው የመጣችው" አለች። እናቴ "እሰይ፣ እህት አገኘ" አለቻት፣ እኔ ግን ነገሩን ካመት በፊት ጀምሮ ስለማውቀው ምን ማለቷ እንደሆነ ገብቶኛል፣ እና ያን ቀን ማታ ለእናቴ ቁጭ ብዬ ማስረዳቱ የኔ ስራ ሆነ። ከዛ ማታ ጀምሮ ነገሩ ከራሴ አልወጣ ስላለኝ ነው የምጽፈው፣ ደግሞም ጉዳዩ እኔን በስሜ ይነካኛል፣ እሱን እደርስበታለሁ።

ልጁ 6 ዓመቱ ነው። ፋንኮኒ አኒሚያ የሚባል በዘር የሚመጣ በሽታ አለበት። እናትና አባቱ ጤነኞች ናቸው፣ ሁለቱም አንድ አንድ የተበላሸ ጂን ይዘው ሳያውቁት ኖረው ልጁ ላይ ሁለቱ ተገናኙበት። (እናቴ መጀመሪያ ያለችው "የማን እርግማን ነው?" ነበር። የማንም አይደለም እማዬ። ሦስት ጊዜ ደግሜላታለሁ፣ እዚህም ልድገመው፣ የማንም አይደለም።) በሽታው መቅኔን ነው የሚያደክመው። መቅኔ ደም የሚሰራበት ቤት ነው፣ እሱ ሲደክም ቀዩም ነጩም ደም የሚያረጋውም ያልቃል፣ ልጁ ትንሽ ነካ ካደረጉት ይበልዛል፣ ነስር ከጀመረው አይቆምም፣ ለደም ካንሰርም ያጋልጠዋል። ለመቅኔው ያለው መፍትሄ ከሌላ ሰው መቅኔ ወይም የእትብት ደም መውሰድ ነው።

እናቴን በእርሾ ነው ያስረዳኋት። "እርሾሽ ሲበላሽብሽ ምን ታደርጊያለሽ?" አልኳት። "ቡሃቃውን አጥቤ ከጎረቤት እወስዳለሁ" አለች። እንግዲህ ይሄም እንደዛው ነው። የልጁን የደከመ መቅኔ በመድኃኒት ያጠፉትና ጤነኛ ዘር በደም ስሩ ይሰጡታል፣ ዘሩ ራሱ መንገዱን አውቆ አጥንት ውስጥ ይገባል፣ እዛ ይባዛል፣ ትንሿ እርሾ ሊጡን ሁሉ እንደምታቦካው። ችግሩ ግን ከማንም ጎረቤት መውሰድ አይቻልም። ሰውነት የራሱንና የባዕዱን የሚለይበት ኤችኤልኤ የሚባል ምልክት አለ፣ ምልክቱ ካልገጠመ አዲሱ ዘር የገባበትን ቤት እንደ ጠላት ይዋጋዋል። ልጅ ምልክቱን ግማሹን ከእናት ግማሹን ከአባት ስለሚወስድ ወንድምና እህት ሙሉ ለሙሉ የመግጠም እድላቸው ከ4 አንድ ነው። ይሄ ልጅ ደግሞ ወንድምም እህትም የለውም። በጎ ፈቃደኞች የሚመዘገቡበት መዝገብ ላይ ተፈልጎለት ነበር፣ እዛ የተመዘገበው አብዛኛው ነጭ ነው፣ የኛን መልክና ዘር የያዘ ሰው ጥቂት ነው፣ አልተገኘለትም።

ስለዚህ በአይቪኤፍ ገቡበት። እንቁላሏን አውጥተው ከባሏ ዘር ጋር ላብራቶሪ ውስጥ አገናኙ፣ ሽሎቹ አምስት ስድስት ቀን ሲሆናቸው ከየአንዳንዱ ጥቂት ሴል ወስደው መረመሩ። የሚፈልጉት ሁለት ነገር ነው። በሽታው የሌለበት፣ እሱ ከ4 ሦስት ነው። ከወንድሙ ጋር የሚገጥም፣ እሱ ከ4 አንድ። ሁለቱን አንድ ላይ ስታሰሉት ከ16 ሽል ሦስት ብቻ ነው የሚወጣው። እሷ ያገኘችው 11 ነበር። 8ቱ ጤነኛ ናቸው። ከ8ቱ ሁለቱ ገጠሙ። አንዷን ማህፀኗ ውስጥ አስገቡላት፣ ያዘች። ስትወለድ እትብቷ ከተቆረጠ በኋላ እዛው የሚቀረውን ደም ይሰበስቡታል፣ አንድ ሁለት ስኒ ቢሆን ነው፣ ሌላ ጊዜ ከእንግዴ ልጁ ጋር የሚጣል ደም ነው፣ ህፃኗን አያማትም፣ መወሰዱንም አታውቀውም።

እናቴ ይሄን ሁሉ ሰምታ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ "እንግዲያ እትብቷ ወንድሟ ውስጥ ሊቀበር ነዋ" አለች።

እኔ ስለዚህ ጉዳይ ብዙ አንብቤያለሁ፣ እንዲህ ያለው ሰው ግን አልገጠመኝም።

ነገሩ እንደሚመስላችሁ አዲስ አይደለም። በፈረንጆቹ 1980ዎቹ መጨረሻ ካሊፎርኒያ ውስጥ አያላ የሚባሉ ቤተሰቦች የደም ካንሰር ለያዛት ሴት ልጃቸው አኒሳ የሚሆን ሰው ሲያጡ ሌላ ልጅ ለመውለድ ወሰኑ፣ እናትየው ከ40 አልፋለች፣ አባትየው መውለድ አቁሞ ስለነበር እንደገና ኦፕራሲዮን ሆነ፣ የዛን ጊዜ ምርጫ የሚባል ነገር የለም፣ በቃ ከ4 አንድ ይሁን ብለው ወለዱ። ማሪሳ በ1990 ተወለደች፣ ገጠመች፣ 14 ወር ሲሆናት ከዳሌዋ መቅኔ ተወስዶ ለእህቷ ተሰጠ፣ አኒሳ ዳነች። ያኔ አሜሪካ ውስጥ የተነሳው ጫጫታ ቀላል አልነበረም። ከዛ በ2000 ኮሎራዶ ውስጥ አዳም ናሽ ተወለደ፣ ለ6 ዓመቷ እህቱ ለሞሊ፣ በሽታዋም ይሄው ፋንኮኒ ነው። እሱ ገና ሽል እያለ ተመርምሮ የተመረጠ ነው። የእትብቱ ደም ከተወለደ ከወር በኋላ ሚኒያፖሊስ ውስጥ ለእህቱ ተሰጣት፣ ያዘላት። የአክስቴ ልጅ የዚችን ልጅ ታሪክ በቃሏ ነው የምታውቀው። ይሄንንም ግን ታውቃለች፣ አዲሱ መቅኔ የሚያድነው ደሙን ነው፣ የቀረው ሰውነት ጂኑን እንደያዘ ስለሚኖር ልጁ ካደገ በኋላም አፉንና ጉሮሮውን ካንሰር እንዳይዘው ዕድሜ ልኩን ይከታተላል። ተአምር አይደለም፣ ዕድሜ መቀጠል ነው።

እንግሊዝ ደግሞ የሚገርም ነገር ሆነ። ጉዳዩን የሚቆጣጠረው መስሪያ ቤታቸው ታላሴሚያ የሚባል የደም በሽታ ያለበት ልጅ ለነበራቸው ለሀሽሚ ቤተሰብ ፈቀደ፣ በ2002 ደግሞ ለዊታከር ቤተሰብ ከለከለ። ለምን? የሀሽሚዎቹ በሽታ በዘር ስለሚመጣ ምርመራው ለሚወለደውም ልጅ ይጠቅማል፣ የዊታከሮቹ ልጅ በሽታ ግን በዘር የመጣ ስላልሆነ ምርመራው ለሚወለደው ምንም አይጠቅመውም፣ የሚጠቅመው ለታመመው ብቻ ነው ተባለ። ዊታከሮች ቺካጎ ሄደው አደረጉት፣ ልጁም በ2003 ተወለደ። በ2004 እንግሊዞቹ ራሳቸው ክልከላውን አነሱት፣ የሀሽሚዎቹ ክርክር ደግሞ እስከ ላይኛው ፍርድ ቤት ሄዶ በ2005 ተፈቀደ ተብሎ ተዘጋ፣ ሀሽሚዎቹ ግን ደጋግመው ሞክረው አልሆነላቸውም።

ያ "ብቻ" የሚለው ቃል ነው ሁሉንም የሚያጨቃጭቀው። ካንት የሚባለው የጀርመን ፈላስፋ ሰውን እንደ መሣሪያ ብቻ አትጠቀምበት የሚል ሀሳብ አለው፣ ይሄን ነገር የሚቃወሙ ሰዎች መጀመሪያ የሚያነሱት እሱን ነው። ልጅ ለራሱ ይወለድ እንጂ ለሌላ ሰው መድኃኒት ተብሎ አይወለድ ይላሉ።

እዚህ ላይ የኔን ስም ላምጣ። ስሜ ማስረሻ ነው። ከኔ በፊት እህት ነበረችኝ፣ 4 ዓመቷ ላይ በኩፍኝ ሞተች፣ በዓመቱ እኔ ተወለድኩ፣ እናቴን ሐዘኗን እንዳስረሳት ማስረሻ ተባልኩ። አገራችን ውስጥ ስንቱ ነው እንዲህ የተወለደው። ካሳ፣ ምትኩ፣ ተካ፣ ማስረሻ፣ ስሞቻችን ራሳቸው ይናገራሉ። የቋራው ልጅ አፄ ቴዎድሮስ ከመባሉ በፊት ካሳ ነበር ስሙ። ልጅ ያልወለደ ሰው ሲያዝን የሚለው "ጧሪ ቀባሪ አጣሁ" ነው፣ ልጅ ራሱን ብሎ ይወለድ የሚል ሰው ጎንደር ውስጥ ፈልጋችሁ አምጡልኝ። ስለዚህ "ለምክንያት የተወለደ ልጅ ይጎዳል" የሚለውን ክርክር ስሰማ ደረቴ ላይ የሆነ ነገር ይነሳል፣ ምክንያቱም እኔ ለምክንያት ነው የተወለድኩት፣ ያ ምክንያት ደግሞ በየቀኑ ስጠራ ይሰማኛል፣ ትምህርት ቤት ስም ሲጠራ፣ ባንክ ወረፋ ላይ ስጠራ።

ግን ደግሞ ይሄም አለ። እኔ ስራዬን አልሰራሁም። እናቴ አልረሳችም። በየዓመቱ በእህቴ ቀን ቁስቋም ትሄዳለች፣ ጧፍ ታበራለች፣ ትመለሳለች፣ የዛን ቀን ብዙ አትናገርም። ልጅ ሳለሁ ይሄን ሳይ የኔ ጥፋት ይመስለኝ ነበር። የተላክኩበትን ሳላደርስ የቀረሁ። 12 ዓመቴ አካባቢ ይመስለኛል አንድ ቀን ሽሮ እያማሰለች "እማዬ አላስረሳሁሽም አይደል?" አልኳት። ማማሰያውን እንደያዘች ዞራ አየችኝና "አላስረሳሽኝም" አለች፣ "ግን አንችን ሳይሽ እሷን አላይም። አንችን ነው የማየው።" ከዛ ሽሮው እንዳያርባት ተመለሰች። እኔ ከዛ ቀን በኋላ ስሜን አልፈራሁትም።

ለአክስቴ ልጅ በስልክ የነገርኳት ይሄን ነው፣ ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር። የምፈራው ልጅቷ ለወንድሟ ተብላ መወለዷን አይደለም። የምፈራው ያልያዘ ቀንን ነው። ንቅለ ተከላ አንዳንዴ አይዝም፣ የእትብት ደም ደግሞ መጠኑ ትንሽ ስለሆነ ለመያዝ ይዘገያል፣ በመሃል ኢንፌክሽን ይገባል፣ ልጅ ይሞታል። ያን ጊዜ የ3 ወሯን ህፃን ማን ነው የሚያቅፋት? ሲያቅፋትስ እሷን ነው የሚያየው ወይስ ያልሰራውን መድኃኒት? የአክስቴ ልጅ አለቀሰች። ማስለቀስ ፈልጌ አልነበረም። "አስቤዋለሁ፣ ማታ ማታ የማስበው እሱን ነው" አለችኝ።

ሌላው የነገርኳት ነገር ስለ ዕዳ ነው። የእትብቱ ደም ባይበቃ ህፃኗ ዓመት ሲሞላት መቅኔ ከዳሌዋ ይወሰዳል፣ ሰመመን ውስጥ ትገባለች፣ መርፌ ነው፣ ሲነቃ ያማል፣ መቅኔው በሳምንታት ይተካል፣ አደጋውም ትንሽ ነው፣ ግን ከእትብት ደም ጋር አንድ አይደለም። ከዛስ? ልጁ 15 ዓመት ሲሆነው ሌላ ነገር ቢያስፈልገውስ? 20 ሲሆነው ኩላሊት ቢፈልግስ? ቤት ውስጥ "የምትገጥም" ተብላ የታወቀች ልጅ መቼ ነው የማትገጥመው?

ይሄን እንድል ያደረገኝ ሰፈራችን ያየሁት ነገር ነው። ኩላሊት ንቅለ ተከላ አገራችን በእኛ አቆጣጠር በ2008 ከተጀመረ ወዲህ ሰጪው ዘመድ ነው፣ ስለዚህ አንድ ሰው ሲታመም ቤተሰቡ ሁሉ እርስ በርሱ መተያየት ይጀምራል። እኛ ሰፈር አንድ ቤት ትልቁ ልጅ ኩላሊቱ ተበላሸ፣ ዲያሊስስ ጀመረ፣ ብሩም ሰውም አለቀ። ትንሹ ወንድሙ 21 ዓመቱ ነው። ማንም አስገደደው ማለት አይቻልም። አጎቱ አንድ እሁድ ሰው በተሰበሰበበት "ደምህ አይደለም ወይ?" ብቻ ነው ያለው። ልጁ መሬት መሬት ያያል። አዲስ አበባ ሄደው ሲመለሱ "አይሆንም ተባለ" አሉ። ሐኪሞች ሰጪውን ለብቻው እንደሚያናግሩ፣ አልፈልግም ካለ ለቤተሰቡ ምክንያቱን ሳይዘረዝሩ "ለመስጠት አይሆንም" ብለው እንደሚሸፍኑለት ያነበብኩት በኋላ ነው። የሱ የትኛው እንደነበረ አላውቅም፣ ጠይቄውም አላውቅም፣ ልጠይቀውም አይገባም። ወንድሙ ካረፈ በኋላ ግን ሰው እንዴት ያየው እንደነበር አይቻለሁ፣ ለቅሶ ቤት አጠገቡ የሚቀመጥ እንኳን አልነበረም።

21 ዓመቱ ነበር፣ አፍ ነበረው፣ ያውም የሸፈነለት ሐኪም ካለ። ገና ያልተወለደችው ልጅ ምን አላት? እናትና አባቷ የእሷም የልጁም እናትና አባት ናቸው፣ አንዱ ልጃቸው እየሞተ ለሌላዋ ብቻ ሊያስቡ አይችሉም፣ ክፉ ሆነው አይደለም፣ ማንም አይችልም። የአሜሪካ የህፃናት ሐኪሞች ማህበር በፈረንጆቹ 2010 ባወጣው መመሪያ ላይ መቅኔ የሚሰጥ ህፃን የራሱ ጠበቃ ይኑረው ይላል፣ የታመመውን የሚያክመው ቡድን ውስጥ የሌለበት፣ ስራው ሰጪውን ልጅ ማየት ብቻ የሆነ ሰው። ይሄን ለአክስቴ ልጅ ስነግራት "እንደ ክርስትና እናት በይኛ" አለች። አዎ። ሰይጣንን ክጄሃለሁ ብላ በህፃኗ አፍ የምትመልሰው ክርስትና እናት አይደለች? እንደዛ አይነት ሰው ያስፈልጋታል፣ ሐኪሙ ፊት ደግሞ በህፃኗ አፍ "ይበቃኛል" ማለት የምትችል። እና ማን እንደሆነች ከመወለዷ በፊት እንድትወስን ለመንኳት፣ ምክንያቱም ችግሩ ከመጣ በኋላ የሚመረጥ ጠበቃ ችግሩን የፈራ ሰው የመረጠው ነው የሚሆነው።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ለተመረጠችው ነው። ስድስቱ ግን ቀርተዋል።

ከ8ቱ ጤነኛ ሽሎች ሁለቱ ገጠሙ፣ ስድስቱ ምንም በሽታ የለባቸውም፣ ጥፋታቸው ወንድማቸውን አለመምሰላቸው ነው። ከሁለተኛዋ ከምትገጥመው ጋር ማቀዝቀዣ ውስጥ ናቸው፣ በየዓመቱ ይከፈልባቸዋል። በሽታ ያለበትን ሽል አለማስገባት አንድ ነገር ነው፣ እሱም ቀላል አይደለም፣ ግን ልጁን የሚያሰቃይ ነገር አለ ትላላችሁ። እነዚህ ግን ማንም ሌላ ቤት ቢሆኑ ልጅ ሆነው የሚወለዱ ናቸው። እዚህ ጋ ክርክሬ ሁሉ ያልቅብኛል። የንስሐ አባታችንን ጠየቅኳቸው፣ ረጅም ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ "መውለዷን እባርካለሁ፣ ልጁንም እግዚአብሔር ይማረው፣ የሚጣለውን ግን አንች ባትጠይቂኝ ይሻለኝ ነበር" አሉኝ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብቼ ጣሪያውን አየሁት፣ የጎንደር ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው እነዛ ክንፍ ያላቸው ፊቶች፣ ከሩቅ አንድ ይመስላሉ፣ አንገታችሁ እስኪያማችሁ ካያችኋቸው አንዱ ካንዱ ይለያል። ሁሉም ወደ ታች ነው የሚያዩት። ብዙ መቆም አልቻልኩም፣ ወጣሁ።

የአክስቴ ልጅን አትጣያቸው ማለት እችላለሁ? 38 ዓመቷ ነው፣ የታመመ ልጅ አላት፣ ስድስት ልጅ ውለጂ ልላት አልችልም። እኔ በሷ ቦታ ብሆን ይሄንኑ አደርግ ነበር፣ ይሄን ሳልደብቅ እናገራለሁ፣ ልጄ ነስሩ አልቆም ብሎ ሌሊት ሌሊት ይዤው እየተቀመጥኩ ስለ ሽል መብት አላስብም። ግን አደርገው ነበር ማለት ልክ ነው ማለት አይደለም፣ እና ይሄን ሁለቱን ለይቶ መያዝ ነው ያቃተኝ። ለመኗኗሪያ ያህል የተስማማነው ቢያንስ ቁጥራቸውን እንዳትረሳው ነው። "የተረፉት" አትበያቸው አልኳት። ስድስት ናቸው።

ትናንት ቅዳሜ ደግሞ ደወለች። ሆዷ መግፋት ጀምሯል፣ የምትወልደው ለጥምቀት ሰሞን ነው። ልጁ ነቅቶ ስለነበር ስልኩን ቀምቶ "እህቴ የኔን ደም ልታመጣልኝ ነው" አለን በተሰባበረ አማርኛ፣ እሙሃይ እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ከዛ እናትየው ስም አሰበች።

"እታለም፣ መድኃኒት ልላት ነው፣ ምን ትያለሽ?"

ቆንጆ ስም ነው፣ ሰፈራችን ብቻ ሦስት መድኃኒት አለች። እኔ አሪፍ ነው ልል አፌን ስከፍት እናቴ እጄን ያዘችኝ። ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋችና "ኧረ አንች ልጅ፣ ተይ" አለቻት። "ይችን ማስረሻ ብዬ ስንት ዓመት እንዳስጨነቅኳት የሚያውቅ የለም።"

እኔ ይሄን ከእናቴ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

"እና ማን ልበላት?"

"አሁን ምን አስቸኮለሽ። ውለጃትና ፊቷን አሳይኝ፣ ያኔ እነግርሻለሁ።" ጀበናውን አንስታ በረካውን ቀዳች።